የቀቀልሁት ብልቃጥ

መስከረም 12 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ይህ ወረቀት በጤና ያግኝሽ። ሥራሽን የሚያቃና አምላክ ከአጠገብሽ አይለይ። እኛ ደህና ነን፤ ይህንንም ለሰላምታ ወግ ብዬ ሳይሆን አጣርቼ ነው የምጽፈው።

አስቀድሜ ስለ እኔ የሚወራውን ላርም። የአጎትሽ ሚስት «ያቺ ሴትዮ ወንድሟን ሐኪም ቤት እንዳይሄድ ከልክላዋለች፤ መድኃኒቱንም ቆልፋበታለች» ብላ እንደደወለችልሽ ደርሶኛል። ሁለቱም ሐሰት ነው። አንደኛ፣ አባትሽ ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ ማንም «አትሂድ» ብሎት አያውቅም፤ እኔ ዛሬ ልጀምር አልችልም። ሁለተኛ፣ የመድኃኒቱ መሳቢያ ቁልፍ ከተሰበረ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ መሳቢያውን የያዘው የታጠፈ ካርቶን ነው። ሴትዮዋ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው የረሳችውን ጃንጥላ ልትወስድ ነበር፤ ከበሩ ወዲህ አላለፈችም። መሳቢያውን የት አየችው?

እውነቱን ከእኔ ስሚ። ስኳሩ ኩላሊቱን እንዳይጎዳበት ክሊኒኩ የሰጠውን ኪኒን አባትሽ በገዛ ፈቃዱ ነው የተወው፤ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ደረቅ ሳል አመጣበት። «እታለም፣ ይህን እየዋጥሁ ጠዋት ጠዋት እንደ አሮጌ ናፍጣ መኪና ነው የምነሳው» አለኝ። አንቺ የላክሽለትን ካፕሱል ግን አንድ ቀን አልዘለለም። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ጠርሙሱን አውጥቶ «ዶክተር ልጄ ናት የላከችው» እያለ ያስነብባል። ሻይው ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ማድረጉንም አልተወም።

እኔ አልተቃወምሁም። ያልተቃወምሁበት ምክንያት አለኝ። በክሊኒክ ላቦራቶሪ ሠላሳ ስምንት ዓመት ማገልገሌን ታውቂያለሽ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የአባትሽን የጠዋት ሽንት አንቺ በላክሽልኝ መመርመሪያ ወረቀት አየዋለሁ፤ ውጤቱን በደብተር እጽፋለሁ፤ ለእሱም እነግረዋለሁ። የዚህ ወር ውጤት፦ ስኳር የለም፣ ፕሮቲን የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። «ንጹህ ነህ» ስለው ኮፍያውን አንስቶ እጅ ይነሳኛል።

ሌላ፣ ጫማዬ ጠበበ ብሎ ነጠላ ጫማ ማድረግ ጀምሯል። የጫማው ቆዳ ነው የተኮማተረው ይላል።

ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። የላክሽልኝን ሃያ አምስት ወረቀት በመቀስ ቁመቱን ለሁለት እየሰነጠቅሁ ሃምሳ አድርጌው ነበር፤ አሥራ አራት ቀርቶኛል። የመጨረሻው እስኪያልቅ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም፤ ላኪልኝ። ሁለተኛ፣ ካፕሱልሽ ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ በግልጽ ቋንቋ ጻፊልኝ። በስልክ አይሁን። በስልክ የተባለ ነገር ነገ «አላልኩም» ይባላል።

አክስትሽ

ጥቅምት 6 ቀን

ለማይሳሳቱት አክስቴ፣

እንዴት ከረሙልኝ? ዓይንዎን ያቆይልኝ፤ የአባዬንም እግር ያበርታልኝ። ደብዳቤዎ በአሥራ ስምንት ቀኑ ደረሰኝ። የጃንጥላውን ነገር ሳነብ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቦታ ቀየረች።

ያዘዙኝን እነሆ። ኩላሊት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ማጣሪያዎች እንዳሉት እርስዎ ከእኔ በፊት ያውቃሉ። እኛ የምናጠናው ማጣሪያው በስኳር በሽታ እንዴት እንደሚበላሽ ነው። እያንዳንዱ ሴል ውስጥ ስኳር የሚቃጠልባቸው ትንንሽ ምድጃዎች አሉ። ስኳሩ ልክ ሲሆን ቃጠሎው ደህና ነው። ሲበዛ ምድጃው ይጨናነቃል፤ ከኦክስጅኑ የሚፈጠሩ ፍንጣሪዎች እያመለጡ ያገኙትን ሁሉ ይለበልባሉ። ሰውነት ፍንጣሪውን የሚያጠፋበት የራሱ መከላከያ አለው፤ ስኳሩ ዓመት ከዓመት ከፍ ብሎ ሲቆይ ግን መከላከያው ይሸነፋል። ይህን ነው ኦክሲዴቲቭ ስትሬስ የሚሉት። በአጭሩ ኩላሊቱ ከውስጥ ይዝጋል። ማጣሪያው ይሳሳል፣ ቆይቶ ጠባሳ ይይዛል፣ ደም ውስጥ መቅረት የነበረበት ፕሮቲን ወደ ሽንት ይፈስሳል። አባዬን «ነዳጅ የበዛበት ሞተር ነው፤ ጭሱ ፊልትሩን በላው» ቢሉት ይገባዋል።

ካፕሱሉ ፍንጣሪውን ያጠፋል ተብሎ ነው የሚሰጠው። እዚህ ስኳር እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦች አሉን። እንዲህ ያለ ነገር የተሰጣቸው አይጦች ኩላሊታቸው ካልተሰጣቸው ይሻላል፤ የተጎዳውንና ያልተጎዳውን ማጣሪያ በማይክሮስኮፕ እያየሁ እኔው ራሴ ቆጥሬያለሁ። ማቅለሚያው ሐምራዊ ነው፤ ጥፍሬ ሥር ገብቶ በምንም ሳሙና አልለቅ ብሎኛል።

አዲስ መመርመሪያ ወረቀት እልካለሁ። እስከዚያው ሁለት ነገር ያረጋግጡልኝ። የድሮው ወረቀት ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ይጻፉልኝ። ደግሞ የአባዬን ቅልጥም በአውራ ጣትዎ ጫን ብለው ይልቀቁት። ጎድጉዶ ይቀራል ወይስ ይመለሳል? የክሊኒኩን ኪኒን መተዉም ደስ አላለኝም።

ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን አደራ።

የወንድምዎ ልጅ

ጥቅምት 30 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ የዋልሽበትን ሁሉ ያስወድድሽ።

ማብራሪያሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጥሩ ነው፤ አንድ ቃል ግን አልተቀበልሁም። «ኩላሊቱ ይዝጋል» ብለሻል። ዝገት የብረት ነው። ፍንጣሪ ብለሽ ጀምረሽ ዝገት ብለሽ መጨረስ የለብሽም፤ አንዱን ያዢ። እኔን ደግሞ «የማይሳሳቱት» እያልሽ አትጥሪኝ።

ለአባትሽ የሞተሩን ነገር ነገርሁት። ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አየኝ።

«ፊልትር ከቆሸሸ አውጥተሽ ትጥያለሽ፣ አዲስ ትገጥሚያለሽ» አለ። «የእኔን ልክ የት ነው የሚሸጡት?»

«አንተ ላይ መለዋወጫ የለም።»

«ታዲያ አትነካኪው። የሚሠራን ሞተር የሚፈታ መካኒክ ሌባ ነው።»

ቅልጥሙን ተጫንሁት። «እታለም፣ ሊጥ መሰልሁሽ?» አለ። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ ቀረ። ቆጠርሁ፤ አርባ ስደርስ ገና አልሞላም ነበር። ሽንቱም አረፋ ይዟል። መጸዳጃው የታጠበበት ሳሙና ነው ብሎኛል፤ መጸዳጃውን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ሳሙና አላደረግሁበትም። የዚህ ወር ውጤት ግን እንደ ቀድሞው ነው፤ ስኳር የለም፣ ፕሮቲን የለም።

የጠየቅሽኝን ቀን ልጽፍልሽ አልችልም። ማሸጊያው የለም። ወረቀቶቹ የመጡ ዕለት ጥዬዋለሁ። ይህን ያደረግሁት በዝርክርክነት እንዳይመስልሽ። የላቦራቶሪ ትምህርት ስንማር ያስተማረችን ሲስተር ከውጭ የመጣ ማናቸውም ዕቃ ከነማሸጊያው መደርደሪያ ላይ እንዲወጣ አትፈቅድም ነበር። ማሸጊያ ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅም ትል ነበር። ብልቃጥ ይቀቀላል፣ ይደርቃል፣ ዕቃው በመቆንጠጫ ይገለበጥበታል፣ ስሙ በጥሩ ጽሕፈት ይለጠፍበታል፣ ብርሃን ባለበት በመስኮቱ በኩል ይቀመጣል። ያልጠራ ጽሕፈት በማስመሪያ መዳፍ ያስመታ ነበር። ወረቀቶችሽን በዚሁ ሕግ በነጭ የመስታወት ብልቃጥ ገልብጬ አስቀምጫቸዋለሁ። አንድም አቧራ አልነካቸው።

ቀኑን ሁለት ጊዜ መጠየቅሽን ግን ልብ ብያለሁ። ለምን እንደጠየቅሽ ጻፊልኝ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። «በአይጥ» ብለሻል። በሰውስ?

አክስትሽ

ኅዳር 18 ቀን

አክስቴ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ዛሬ ቀልድ የለኝም።

በብልቃጡ ያሉትን ወረቀቶች ይጣሏቸው። የፋብሪካው ማሸጊያ ክዳን ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ነገር አለ፤ ማሸጊያውም ብርሃን አያስገባም። ወረቀቱ ከዚያ ወጥቶ አየርና ብርሃን ካገኘው በጥቂት ሳምንት ይበላሻል። ከተበላሸ በኋላ ምን ቢነክሩት «የለም» ሊል ይችላል። ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ነበር፤ በጥቃቅን ፊደል፣ እርስዎ በማያውቁት ቋንቋ። ይህን ሳልነግርዎ ወረቀቱን ላክኩልዎ።

አንድ ነገር በእውነት ልንገርዎ፤ ላጽናናዎ ብዬ አይደለም። ደህናው ወረቀት እንኳ መጀመሪያ ላይ የሚወጣውን ጥቂት ፕሮቲን አያይም፤ ለእሱ ሌላ ምርመራ አለ። ስለዚህ ሁሉም በብልቃጡ የመጣ አይደለም። እባክዎ አባዬን ቶሎ ሆስፒታል ይውሰዱት።

በሰውስ? ላሉኝ። በሰው አልሠራም። በተለያየ ጊዜ በብዙ ሕመምተኞች ላይ ሞክረውታል፤ አንዳንዱ ምንም አልጠቀመም፣ አንዳንዱ ጎድቶ ተቋርጧል። አይጧ የታመመችው ለጥቂት ወራት ነው፤ ሰው ሃያ ዓመት ታሞ ነው የሚመጣው። ሞኝ ሆኜ አልነበረም፤ ካፕሱሉን መላክ ስጀምርም ይህን አውቅ ነበር። «ኩላሊት ይጠብቃል» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መምጣት አልቻልኩም፤ አባዬም በስልክ «ምን ላክሽልኝ?» ይለኝ ነበር። ባዶ እጄን መሆን አቃተኝ። የክሊኒኩን ኪኒን ይተዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሌላም አለ። እኔ ዶክተር አይደለሁም። የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ኩላሊት እቆርጣለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ እቆጥራለሁ። «ዶክተር» ያለው አባዬ ነው፤ እኔ አላረምኩትም።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

ታኅሣሥ 20 ቀን

ለአክስቴ፣

ሰላምዎን ያሰማኝ። መልስ አላገኘሁም። ደብዳቤው ካልደረሰ ብዬ ትናንት ደወልኩ፤ አባዬ አነሳ። እርስዎን አገናኘኝ ስለው «ልብስ እያሰጣች ነው» አለኝ። ከሰዓት ደወልኩ፤ «ልብስ እያስገባች ነው» አለኝ። እርስዎ በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ልብስ ያጥባሉ?

«ኩላሊትህስ?» አልኩት። «ንጹህ ነው፤ አክስትሽ አይታዋለች» አለኝ።

አክስቴ፣ ምን ብለውት ነው? ደብዳቤዬ ደርሶዎታል አይደል?

ጥር 4 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ፈጣሪ ከጭንቀት ያሳርፍሽ።

ደብዳቤሽ ታኅሣሥ 6 ቀን ደርሶኛል። የዘገየው ሃያ ስምንት ቀን የእኔ ነው፤ በፖስታ ቤት አይሳበብ። ስትደውዪም ቤት ነበርሁ። ልብሱ እውነት ነው፤ የታጠበውን እንደገና አጥቤዋለሁ።

ደብዳቤሽን ባነበብሁ ማግስት የአባትሽን የጠዋት ሽንት ተቀብዬ ከዕቃ ቤት የድሮ ሣጥኔን አወረድሁ። እኛ ስንማር መመርመሪያ ወረቀት የሚባል አልነበረም። ሽንት በመስታወት ቱቦ ሁለት ሦስተኛ ይሞላል፤ ቱቦው አጋደል ተደርጎ የላይኛው ክፍል ብቻ በአልኮል ኩራዝ ይፈላል፤ የታችኛው ለማነጻጸሪያ እንዳለ ይቀራል። አፈላሁት። ላዩ ደፈረሰ። ሌላ ጨው ቢሆንስ ብዬ አቼቶ አንጠባጠብሁበት፤ ጨው ቢሆን ይጠራ ነበር። አልጠራም። ይልቁንም ረጋ፤ የተቀቀለ የእንቁላል ነጭ መሰለ። ሲስተር ሦስት ጊዜ ያላየነውን እንድናምን አትፈቅድም ነበርና በማግስቱም በሦስተኛው ቀንም ደገምሁት። በሦስተኛው ቀን ቱቦውን ይዤ ብዙ ቆምሁ።

ይህን ምርመራ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሠራው ኖሬያለሁ። ለሌላ ሰው። ቱቦውም፣ ኩራዙም፣ አቼቶውም እዚሁ ቤት ነበሩ። ወረቀቱ ቀላልና ንጹህ ሆኖ ታየኝ፤ ከውጭ አገር መምጣቱም፣ አንቺ መላክሽም አኮራኝ።

መጀመሪያ ላይ የሚወጣውን ጥቂት ፕሮቲን ወረቀቱ አያይም ብለሽ ሸክሜን ልታቀልዪልኝ ሞክረሻል። ስለ መጀመሪያው ዓመት እቀበልሻለሁ። ስለ ሦስተኛው አልቀበልም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ደብተሬ ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ «ስኳር የለም» ተጽፏል። የስኳር ሕመምተኛ፣ የስኳሩን ኪኒን ሲያስታውስ የሚውጥ፣ ሻይው ላይ ሦስት ማንኪያ የሚያደርግ ሰው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሽንቱ ውስጥ አንድ ቀን ስኳር አይታይም? የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይህን ብታመጣልኝ «ወረቀትሽን ፈትሺ» ብዬ እመልሳት ነበር። ለራሴ አላልሁም። ደስ የሚል ውጤት ስለሆነ አልመረመርሁትም።

ዶክተር አለመሆንሽን ከድሮ ጀምሮ አውቃለሁ። ዶክተር ጥፍሩ ሥር ስለገባ ቀለም አይጽፍም። ዝም ያልሁት አባትሽ ደስ ስላለው ነው።

ታኅሣሥ 22 ቀን ሆስፒታል ወሰድሁት። ግፊትህን ይለኩህ ብዬ ነው ያወጣሁት፤ እውነቱን አልነገርሁትም። ደሙን ወሰዱ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው። ኩላሊቶቹ ከመቶ ሠላሳ እጅ ያህል ነው የሚሠሩት አለ። ወደ እጥበት ማሽን አልደረሰም፤ መድኃኒቱን ዛሬ ቢጀምር ለዓመታት ሊያቆየው ይችላል፤ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ግን አይመለስም አለ። ሳል የማያመጣ ሌላ ዓይነት ኪኒን ጻፈለት፤ የስኳሩንም አስተካከለ።

ከዚያ «አባባ፣ ለምን እስከዚህ ቆዩ?» ብሎ ጠየቀው።

አባትሽ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። «የቆየሁ አይደለሁም» አለ። «እህቴ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። በየወሩ ትመረምረኛለች። ንጹህ ነበርሁ።» ወደ እኔ ዞሮ «ንገሪው እንጂ» አለኝ።

ሐኪሙ አየኝ። እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ መሐረብ ፈለግሁ። መሐረቡ እጄ ላይ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አባትሽ አልተጨነቀም፤ ተናደደ እንጂ። «ማሽናቸው ነው የተበላሸው» አለኝ። «አንቺ ሦስት ዓመት ያላየሽውን ያ ልጅ በአንድ ጠዋት አየው? እንዲህ ያለውን ጋራዥ ስንት አይቻለሁ፤ የሌለብሽን ብልሽት ነው የሚነግሩሽ።» የሆስፒታሉ ኪኒን እንደታሸገ ነው። አንድ አልዋጠም። በእኔ ቃል ላይ ተቀምጦ አልነሳ ብሏል።

ቢቆጣኝ እችለዋለሁ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲቆጣ አውቃለሁ። ምንም ሳይል ቢቀርስ?

ወረቀት አትላኪ። ካፕሱልም አትላኪ።

አክስትሽ

ጥር 21 ቀን

ለአክስቴ፣

አምላክ ያበርታዎ። እኔንም እንዲሁ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሲስተሯ ደስ ይላታል። ከዚያ እንዳይቀዘቅዝብኝ ብዬ ለአባዬ ደወልኩ፤ የራሴን ነገርኩት።

«አባዬ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም» አልኩት።

ሬዲዮኑን ሲቀንሰው ተሰማኝ። «ታዲያ ምንድን ነሽ?»

«እንደ አክስቴ። ላቦራቶሪ ነው የምሠራው።»

«እንደ እሷ ከሆንሽማ» አለኝ፣ «ከዶክተር ትበልጫለሽ።»

አክስቴ፣ ይህን የምጽፍልዎ ልወጋዎ አይደለም። ያለው ይህንን ነው፤ እርስዎ ደግሞ ቃል ሲቀነስ አይወዱም። ካፕሱሉ እንደማይረዳው፣ ይህን እያወቅኩ እንደላክኩት ነገርኩት። እሱን ያለ ክርክር ተወው። «ልጄ፣ መላክሽን እንጂ የጠርሙሱን ጽሑፍ መች አየሁ» አለ። ተቆጥቶ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ሥራ ቦታ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፤ ግማሽ ሰዓት አልተነሳሁም።

ከመዝጋቴ በፊት የሆስፒታሉን ኪኒን እንዲውጥ ለመንኩት። «እሱን እታለም ካለች» አለኝ። «እሷ ንጹህ ነህ ብላኛለች።»

እኔ ልነግረው እችላለሁ። ስልኩ በየቀኑ እጄ ላይ ነው። ግን ከእኔ ቢሰማ አያምነኝም፤ እርስዎን እያማሁ ነው የሚመስለው። እጠብቃለሁ፤ ብዙ ግን መጠበቅ የምችል አይመስለኝም።

የወንድምዎ ልጅ

የካቲት 10 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ያለሽበት ቤት ሙቀት አይጉደለው።

አትንገሪው። የእኔ ነው።

አልሞከርሽም እንዳትዪኝ ሦስቱን ሙከራዬን እጽፍልሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን የራዲዮኑን ክዳን ፈትቶ ሲያጸዳ አጠገቡ ቆምሁ። «ያ የሽንት ምርመራ» ብዬ ጀመርሁ። «አዎ፣ ይህን ወር አላየሽልኝም፤ ለነገሩ ያው ነው» አለኝ። «ሻይህ ቀዘቀዘ» ብዬ ወጣሁ። በሁለተኛው በወረቀት ጽፌ ትራሱ ላይ ላስቀምጥለት አሰብሁ፤ ጻፍሁት። አንብቤ ቀደድሁት። «እንደሚታወቀው» ብሎ ይጀምራል፤ ምንም የሚታወቅ ነገር አልነበረም። አንድ ገጽ ሙሉ ስለ እርጥበትና ስለ ብርሃን ነው፤ ስለ እኔ አንድ መስመር የለበትም። በሦስተኛው የአጎትሽ ሚስት መጣች። እሷ ፊት ልናገር አልሆነልኝም፤ ይህንንም ለራሴ ሰበብ አደረግሁት።

ትናንት ከገበያ ስንመለስ ከቤታችን በፊት ካለው ደረጃ አምስተኛው ላይ ቆመ። ደረጃው ዘጠኝ ነው። መሐል ላይ ቆሞ አያውቅም። ግድግዳውን ይዞ «የዚህን ደረጃ ቁመት ማን ጨመረው?» አለኝ። ሳቀ፤ ትንፋሹ ስላጠረው ሳቁን አልጨረሰውም። እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል። ቢላዋ ይዘው የሚያስፈራሩኝ ያህል ነው የፈራሁት። ሐኪሙ «የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር» ካለ ወር ከአሥራ ስምንት ቀን አልፏል። የብልቃጡ ጥፋት ሳላውቅ የሠራሁት ነው። ይህ ወር ከአሥራ ስምንት ቀን ግን እያወቅሁ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አትደምሪልኝ።

ተማሪ ቤት ጥፋት የሠራች ልጅ ከመቀመጫዋ ተነስታ ነበር የምትናገረው። በአንድ ዓረፍተ ነገር። «ምክንያቱም» ብላ የጀመረች ተቀጪ ትባል ነበር። ያኔ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሌላ መንገድ ስለማላውቅ በዚያው እሄዳለሁ።

ነገ በመጀመሪያ የማደርገውን እጽፍልሻለሁ፤ በጽሑፍ ያሰፈርሁትን ሳልፈጽም ቀርቼ አላውቅም።

በአሥራ ሁለት ሰዓት እነሳለሁ። ፊቴን እታጠባለሁ፤ ጸጉሬን አስራለሁ። ልብስ አላጥብም።

የጠዋት ሽንቱን በንጹህ ዕቃ እንዲሰጠኝ እጠይቀዋለሁ። የለመደው ነገር ነው፤ አይጠራጠርም።

ጢሙን ሲላጭ አልናገርም፤ ምላጭ ይዟል። ምላጩን አስቀምጦ ፊቱን እስኪያደርቅ እጠብቃለሁ። ሻይ ከመቅረቡ በፊት ይሆናል፤ ሻይ ካለ ወደ ሻይ እሸሻለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ኩራዙን ለኩሼ፣ ቱቦውን ይዤ፣ ዓይኑ እያየ አፈላዋለሁ። አቼቶውን ራሱ እንዲያንጠባጥብበት አደርጋለሁ። ሹፌር ነው፤ በእጁ የነካውን ያምናል። «ይህ ነጩ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ያኔ እነሳለሁ። ቆሜ «ሦስት ዓመት ንጹህ ነህ ያልሁህ ስህተት ነው፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ሆስፒታሉ ልክ ነው» እለዋለሁ። ስለ ሲስተር አላነሳም። ስለ ማሸጊያው አላነሳም። እሱ ካልጠየቀኝ በስተቀር ሌላ ቃል አልጨምርም።

የሆስፒታሉን ኪኒን እሽግ ፊቱ ላይ እከፍታለሁ። አንዱን በማንኪያ፣ ውሃውን በብርጭቆ አቀርብለታለሁ።

ቢጮህብኝም፣ ፊቱን ቢያዞርብኝም፣ እስኪውጠው ድረስ ከአጠገቡ አልሄድም።

አክስትሽ